ባዶውን የሚመለሰው አይሱዙ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጅማ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋን የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። በጂኦግራፊ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሥራ ፈልጌ ሳጣ አጎቴ ‹ቤት ከምትቀመጪ እኔ ጋ ነይ› አለኝ። እዚሁ ጅማ መጋዘን አለው፤ ሁለት አይሱዙም አሉት። ጭነት እመዘግባለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ። ወደፊት ሥራውን እንድረከበው ስለሚፈልግ ‹የቅዳሜና እሁድ ኤም ቢ ኤ ልክፈልልሽ› ይለኛል። እኔ ግን ልቤ ሌላ ጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የትራንስፖርት ጂኦግራፊ ኮርስ ወስጄ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ውጭ አገር ትራንስፖርትንና የቢዝነስ ጂኦግራፊን አንድ ላይ በማስተርስና በዶክትሬት የሚያስተምሩ እንዳሉ ሰምቻለሁ። እናቴ ግን ‹ጂኦግራፊ ተምረሽ ምን አገኘሽና ነው ደግሞ ጂኦግራፊ?› ትላለች። ውጭ አገር እልካለሁ የሚል አንድ ሰው ደግሞ ‹ቅድሚያ ክፈዪና ቦታ ላስይዝልሽ› ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ስታትስቲክስ አልወድም። ይህ ትምህርት የምር ትምህርት ነው ወይስ ስሙ ነው የሚያምረው? የት ልማር? አጎቴንስ ሳላስቀይም እንዴት ልንገረው? ረስቼው ነው እንጂ ስለ መኪናውም ላነሳልዎት ነበር። ከሰኔ ጀምሮ አይሱዙው ከአዲስ አበባ ሞልቶ ይመጣና ባዶውን ይመለሳል። ቡና ሲደርስ ደግሞ የሚጫነው በዝቶ መኪና ይጠፋል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን እያልኩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ጉዞ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ሰ. ነኝ፣ ከጅማ።»

እህቴ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚበልጠው ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ «ረስቼው ነው እንጂ» ብለሽ የጨመርሽው። ኤም ቢ ኤውም፣ ውጭ አገሩም፣ ሰውዬውም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ አይሱዙው።

ለምን እንዲህ እንደምልሽ ከራሴ ልንገርሽ። እኔ ማስተርስ የገባሁት ጥያቄ ሳይኖረኝ ነው። ዕድሉ ተገኘ፣ ገባሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አምጪ ሲሉኝ ሌላ ሰው የሠራበትን ርዕስ አንስቼ የአገሩን ስም ቀይሬ አቀረብኩ። አማካሪዬ አነበበውና «ይህን ማወቅ የፈለገው ማነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ ርዕስ ቀየርኩ። አንድ ዓመት እንዲሁ ባከነ። የዳንኩት አንድ ቀን ንጋት ላይ፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ነው። ወደ አንድ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ በ20 ደቂቃ ሞልቶ ወጣ። አጠገቡ ያለው ሦስት ሰዓት ቆመ። ለምን? ብዬ ደብተር አወጣሁ። ጽሑፌ ያለቀው በዚያች «ለምን» ነው።

አንቺ ያንን ደብተር ያወጣሽው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ማንም ሳያዝሽ። ይህን ነገር ቀላል አድርገሽ አትዪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ የምር ትምህርት ነው። የትራንስፖርት ጂኦግራፊ ሰውና ዕቃ ከየት ወዴት፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ብርና በስንት ሰዓት እንደሚሄድ ያጠናል። የቢዝነስ ጂኦግራፊ ደግሞ ሱቁ፣ መጋዘኑ፣ የባንክ ቅርንጫፉ የት ቢከፈት ያዋጣል፣ ደንበኛው ከየት ይመጣል ይላል። ሁለቱ የሚጋቡት ርቀት ገንዘብ በመሆኑ ነው።

ደግሞ ጅማ ተቀምጦ ይህን መጠራጠር አይገባም። ጅማን የወለዷት መንገድና ገበያ ናቸው። ዛሬ ሂርማታ ስንል የሰፈር ስም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሂርማታ ትልቅ ገበያ ነበር። በሸዋና በከፋ መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ የሚያልፈው በዚያ ነው። የጎጃም ሰው፣ የሸዋ ሰው፣ ከጊቤ መንግሥታት የመጣ ኦሮሞ፣ ከፋው፣ የሙ፣ ኮንታው፣ ወላይታው እዚያ ይገናኝ ነበር። የሐሙስ ገበያው ስሙ ሩቅ ይሰማ ነበር። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው ጅረን፣ ኮረብታው ላይ ነው። ገበያው ግን ታች ነው። ከተማውስ የት አደገ? ገበያው ያለበት። ንጉሡ ላይ፣ ከተማው ታች። ይህን አይቶ «ለምን እዚያ?» ያለ ሰው የጂኦግራፊ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ጅማን ያጠና አንድ አንትሮፖሎጂስት፣ በበጋ ጥሩ በሆነ ቀን ገበያው ላይ እስከ 30,000 ሰው እንደሚገኝ ጽፏል። «በበጋ» የሚለው ላይ አስምሪበት። የወቅት ነገር የተጀመረው በአጎትሽ አይሱዙ አይደለም።

አንድ ስሌት ላሳይሽ፤ ቀላል ነው። ዊልያም ሬይሊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ሕግ አለ። በሁለት ከተሞች መካከል የሚኖር ሰው ለገበያ ወዴት ይሄዳል? ትልቁ ከተማ ከሩቅ ይስባል፤ ትንሹ ከቅርብ። ድንበሩ በሕዝብ ብዛትና በርቀት ይሰላል። ጅማንና አጋሮን ውሰጂ። በመካከላቸው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጅማ 120,000 ያህል፣ አጋሮ 25,000 ያህል ሕዝብ ነበራቸው። 25ን ለ120 አካፍዪ። የውጤቱን ስኩዌር ሩት አውጪ። 1 ደምሪበት። ከዚያ 45ን ለተገኘው ቁጥር አካፍዪ። 31 ገደማ ይመጣል። በስሌቱ መሠረት ከጅማ 31 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ሰው ወደ ጅማ ይመጣል። የቀረችው 14 ኪሎ ሜትር የአጋሮ ናት።

እውነት ነው ወይ? የማስተርስ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ስሌቱ የገበያ ቀን አያውቅም። አጋሮ ዘመድ ያለውን ሰው አያውቅም። ቡናውን ለሰብሳቢ ሸጦ እዚያው ጨውና ሳሙና ገዝቶ የሚገባውን ገበሬ አያውቅም። ሚኒባስ ካልሞላ እንደማይነሳም አያውቅም። ስለዚህ ሄደሽ 31ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትቆሚያለሽ። የሰው ዘንቢል ውስጥ ያለው ዕቃ ከየት እንደተገዛ ትጠይቂያለሽ። ስሌቱና ሰው የተለያዩበት ቦታ ላይ አዲስ ዕውቀት አለ።

ባንኮቹንም ልብ በዪ። መሀል ከተማ አንዱ ቅርንጫፍ የሌላው ጎረቤት ነው። ለምን ተበትነው ሰፈር ለሰፈር አይከፍቱም? አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሃሮልድ ሆቴሊንግ እ.ኤ.አ. በ1929 ተፎካካሪ ሻጮች ለምን እየተጠጋጉ መሀል ላይ እንደሚገናኙ በሒሳብ አሳይቷል። ይህንንም ትማሪዋለሽ።

ወደ አይሱዙው እንመለስ።

የጭነት መኪና ባለቤት የሚያስበው ደርሶ መልሱን ነው። ናፍጣው፣ ጎማው፣ የሹፌሩና የረዳቱ አበል የሁለቱም መንገድ ነው። መመለሻ ጭነት ካለ ወጪው ለሁለት ይከፈላል። ከሌለ አንዱ ጭነት የሁለቱን ይሸከማል። ስለዚህ በክረምት ጅማ ላይ በምትገዢው ዘይትና ስኳር ዋጋ ውስጥ ባዶውን የተመለሰው መኪና ናፍጣ አለበት። ቡና ሲደርስ ይገለበጣል። ያኔ መኪና የሚፈልገው ቡናው ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ዕቃ ዋጋው መቀነስ ነበረበት። ይቀንሳል ወይ? ወይስ ዋጋው መጨመር እንጂ መቀነስ አያውቅም? ይህን የሚመልስ ሰው ለጅማ ነጋዴም፣ ለጅማ እናቶችም ትልቅ ነገር ሠራ። እኔ ባለሁበት ሆኜ መልሱን አላገኘውም። አንቺ ደብተርሽ ውስጥ አለሽ።

ሌላም አለ። በጅማ አካባቢ የቡና ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የጭነቱ ጊዜ ግን ከለቀማው ይዘገያል። ጀንፈሉ ይደርቃል፣ ይፈለፈላል፣ ይከማቻል፣ አቅራቢው ዋጋ ይጠብቃል። ስንት ሳምንት ይዘገያል? ዋጋ ሲወርድ ይበልጥ ይዘገያል ወይ? ይህንንም ደብተርሽ ያውቃል።

ደግሞ ቡናው አዲስ አበባ አይቀርም። ከአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ገደማ። እንግዲህ ደምሪው። ወደ ውጭ ከሚላክ ቡና የየብስ ጉዞ ሲሶው የእንዳንቺ አጎት ያሉ ሰዎች መኪና ላይ ነው። ስለ ወደቡና ስለ ባቡሩ ብዙ ይጻፋል። ስለዚያች ሲሶ የሚጽፈው ትንሽ ነው። እሷ ደግሞ ቀላል መንገድ አይደለችም። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲኬድ ጊቤ ሸለቆ ተወርዶ ይወጣል። ለዚህ ነው ሹፌርን «ጅማ ስንት ነው?» ስትዪው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት የሚመልስልሽ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ለማንም ሳታመለክቺ፣ ለማንም ሳትከፍዪ፣ ደብተሩን ወደ ኤክሴል አስገቢው። አንድ ጉዞ አንድ ረድፍ። ቀን፣ ከየት፣ ወዴት፣ የጭነቱ ዓይነት፣ ስንት ኩንታል፣ ዋጋ፣ ጭነት ሲጠበቅ የተቆመበት ቀን፣ ናፍጣ። ባዶ ከሆነ «ባዶ» ብለሽ ጻፊ። ዝም ብለሽ እንዳታልፊው፤ ባዶው ጉዞ ራሱ መረጃ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አጎትሽን አስፈቅጂ። ደብተሩን የጻፍሽው አንቺ ብትሆኚም ሥራው የእሱ ነው። የደንበኞችን ስም አውጥተሽ በቁጥር ተኪ። ይህን ማድረግ ጨዋነት ነው፤ በምርምርም ግዴታ ነው።

የሁለት መኪና ደብተር ብቻውን ለመመረቂያ ጽሑፍ አይበቃም። ሌሎች ባለመኪኖችን፣ የጭነት ደላሎችን፣ ሹፌሮችን መጠየቅ ይኖርብሻል። ነገር ግን ጥሩ ጥያቄ ለመጠየቅ ይበቃል። አሁን የሚያስፈልግሽም እሱ ነው።

ስታትስቲክስ አልወድም ያልሽው አሳስቦኛል። ላባብልሽ አልፈልግም። በዚህ መስክ ያለሱ አይገባም። አንድ ነገር ግን ታዝቤያለሁ። ስታትስቲክስ የሚያስጠላው ቁጥሩ የማናውቀው ሰው ቁጥር ሲሆን ነው። የራስሽን አይሱዙ የጥበቃ ቀናት በወር በወር አማካይ ስታወጪ፣ ከናፍጣ ዋጋ ጋር ስታስተያዪ፣ ሳታስቢው ሬግሬሽን ውስጥ ትገቢያለሽ፤ አንዱ ነገር ሲለወጥ ሌላው ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካው ስሌት ነው። ስድስት ወር ሞክሪው። በራስሽ ቁጥር ላይም እንኳ ከሰለቸሽ፣ ያኔ ይህ መስክ አይሆንሽም፤ ያኔ እኔም አትግቢበት እልሻለሁ።

ካርታውን ደግሞ ኪው ጂ አይ ኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ተለማመጂ። ነፃ ነው። መንገዶቹን ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ማውረድ ይቻላል፤ እሱም ነፃ ነው። ሶፍትዌሩ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አጭሩን መንገድ ሲያወጣልሽ የምትጠቀሚበት ስሌት የሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ የኤድስገር ዳይክስትራ ነው። ይህ ሰው ስሌቱን ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ወጥተው፣ ደክሟቸው ቡና ሊጠጡ ቁጭ ባሉበት፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ። ወረቀትም አልነበረውም። የታተመው በ1959 ነው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ለጅማ ልጅ ስነግር ደግሞ ይበልጥ።

አሁን አጎትሽ። ከሁሉም ያሳሰበሽ ይህ ይመስለኛል፤ ልክም ነሽ።

ሥራ ስታጪ በሩን የከፈተልሽ እሱ ነው። ኤም ቢ ኤ ልክፈልልሽ ሲል ደግሞ «ሥራዬን ላንቺ አምኜ እተዋለሁ» ማለቱ ነው። ስለዚህ «አልፈልግም» ብለሽ አትጀምሪ። የሦስት ወር መረጃ አስገብተሽ ስትጨርሺ አንድ ገጽ ብቻ አዘጋጂ። በዓመት ስንት ጊዜ ባዶውን ተመለሰ? ለባዶው ጉዞ ናፍጣ ስንት ወጣ? በየትኛው ወር? ቁጥሩን በብር አድርጊው። ነጋዴ ነው፤ በብር ስታወሪው ይሰማሻል።

ከዚያ ሥራ የሌለበትን ሰዓት ምረጪ። እሁድ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ባለቤቱም ባሉበት ቢሆን ጥሩ ነው። እንዲህ ብትዪ ደስ ይለኛል፦ «ያሰቡልኝን አልናቅኩም። ሥራዎንም እወደዋለሁ። ይቺን ገጽ ይዩልኝ። መማር የምፈልገው ይህን ነው። ለኤም ቢ ኤው ያሰቡትን ገንዘብ አሁን አልጠይቅዎትም። አንድ ዓመት ጊዜ ይስጡኝ፤ ሌሎች ባለመኪኖችንም እንዳነጋግር ያስተዋውቁኝ።» የመጨረሻዋ በጣም ትጠቅምሻለች። ባለመኪኖች ለማያውቁት ተማሪ ዋጋ አይነግሩም። ለእሱ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ግን ይነግራሉ። ያኔ እሱም የትምህርትሽ ባለቤት ይሆናል።

ኤም ቢ ኤው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ፋይናንስ፣ አመራር፣ ገበያ ጥናት ያስተምራል። መጋዘኑን ለመረከብ ከወሰንሽ ይጠቅምሻል። ነገር ግን አንድ ሰው ስለከፈለ ብቻ ሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁድሽን አትስጪ። የእኔን የባከነ አንድ ዓመት አስታውሺ። ኤም ቢ ኤ በ35 ዓመትሽም ይገኛል። ይህ ደብተር ግን አሁን ነው ትኩስ የሆነው።

የት ልማር ላልሽው፣ ይህ መስክ በስሙ ስትፈልጊው እምብዛም አይገኝም። በሌላ ስም ተደብቆ ነው የሚኖረው። ጂኦግራፊ፣ ጂ አይ ኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር መተንተን)፣ የትራንስፖርት ፕላን፣ ሎጂስቲክስ፣ የከተማና ክልል ፕላን። በነዚህ ሁሉ ስር ፈልጊ።

አገር ውስጥ ጅማ ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የጂኦግራፊ ድህረ ምረቃ አላቸው። አሁን አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብሻል። ጅማ ላይ ብትማሪ ትልቁ ጥቅም መኪናዎቹ አጠገብሽ መሆናቸው ነው። ይህን እንደ ሁለተኛ ምርጫ አትዪው። እኔ ብሆን ለዚህ ጥያቄ ማስተርሱን ጅማ እሠራውና ለዶክትሬት እወጣ ነበር። ይህ ግን የእኔ ምርጫ ነው፤ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ብታመለክቺ የሚከለክልሽ የለም።

ውጭ ከሆነ እነዚህን ተመልከቺ። ኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከተማ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው አይ ቲ ሲ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመ ነው፤ በጂ አይ ኤስና በካርታ ሥራ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። ቤልጅየም የሃሴልት ዩኒቨርሲቲ በትራንስፖርት ላይ ሲያስተምር የቆየ ነው። ፍላንደርስ በሚባለው የቤልጅየም ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር የሆነው ቪሊር-ዩኦኤስ ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ትብብር ከፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት አብሮ ሠርቷል። ስለዚህ መንገዱን የሚያውቁ መምህራን እዚያው ከተማሽ ውስጥ አሉ፤ ሄደሽ ጠይቂያቸው። እንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ጥናት ተቋም አለ። ለቢዝነሱ ጎን ደግሞ ካናዳ ያለው የቶሮንቶ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ የቦታ ትንተና ማስተርስ አለው። የሚከፍተው ፕሮግራምና የነፃ ትምህርት ዕድሉ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር የዓመቱን ማስታወቂያ ራስሽ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ አንብቢ።

አሜሪካ የተለየ ነው። እዚያ በተለይ ዶክትሬት ላይ ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ክፍያውን ሸፍኖልሽ፣ በረዳት አስተማሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ደሞዝ ይከፍልሻል። ማስተርስ ላይ እንዲህ ያለው ያንሳል፤ ቢሆንም አለ። የማመልከቻው ጊዜ በአብዛኛው ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ስለሚያልቅ መስከረም ላይ ካልጀመርሽ አይደርስም።

የትም ይሁን የት፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም አይተሽ አትምረጪ። እዚያ ያለው ፕሮፌሰር በጭነት፣ በገበያ ወይም በአፍሪካ መንገዶች ላይ ይሠራል ወይ? ሁለት ጽሑፎቹን አንብቢ። ከዚያ አሥር መስመር ኢሜይል ጻፊለት። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጂኦግራፊ እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ጀምሪ፦ «ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለሱ የሁለት የጭነት መኪናዎች የሁለት ዓመት የጉዞ መዝገብ አለኝ።» ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ወደ ታች የማይወርድ የመስኩ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዱ ባይመልስ ለሌላው ጻፊ። ዝምታውን እንደ ስድብ አትቁጠሪው፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው።

ወረቀትሽን አሁኑኑ አዘጋጂ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የተመረቅሽው የወጪ መጋራትሽን ጉዳይ ጨርሺ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ የሚያዘገየው እሱ ነው። ያን የትራንስፖርት ኮርስ ያስተማሩሽን መምህር ፈልገሽ አግኚ። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቂ ያቺን አንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጅሽን ስትሄጂ የሚጻፍልሽ ደብዳቤና ሥራሽን አሳይተሽ የሚጻፍልሽ በጣም ይለያያሉ።

«ቦታ ላስይዝልሽ» ያለሽ ሰውዬ ሳንቲም እንዳትሰጪው። ዩኒቨርሲቲ ቦታ የሚሰጠው ለአመልካቹ ራሱ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ካለ ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይከፈላል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከጠየቅሽ ክፍያውን ይተዉልሻል። ሌላ ነገር የሚልሽ ከሆነ ስልኩን አታንሺ። በራሴ ወጪ ልሂድ የሚል ሐሳብም ካለሽ ተዪው። ቤተሰብ ንብረት ሸጦና ተበድሮ የላካቸውን፣ እዚያ ሄደው ከትምህርቱ ይልቅ ዕዳውን ሲያስቡ የከረሙትን አይቻለሁ። ለዚህ መስክ በነፃ ትምህርት ዕድል መሄድ ይቻላል። ካልተገኘ ጅማ አለ።

እናትሽን አልወቅሳቸውም። ዲግሪ ይዘሽ ቤት ስትቀመጪ ያዩት እሳቸው ናቸው። ይህን የተማረ ሰው ባንክ ቅርንጫፍ የት እንደሚከፍት፣ አየር መንገድ አዲስ በረራ ወዴት እንደሚጀምር፣ ማዘጋጃ ቤት የባጃጅ መስመር እንዴት እንደሚደለድል፣ የእርዳታ ድርጅት እህሉን በየትኛው መንገድ እንደሚያደርስ ይሠራል ብለሽ ንገሪያቸው። ወዲያው ባያምኑሽም አትከራከሪያቸው። አጎትሽ ያቺን ገጽ አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ ቢያዩ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በላክሽልኝ የደብተር ገጽ ፎቶ ላይ መኪናው የተነሳበትና የገባበት ቀን አለ። ሰዓቱ የለም። ከነገ ጀምሮ ሹፌሩ ስንት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ እንደተነሳ፣ ስንት ሰዓት ላይ ጅማ እንደገባ፣ መንገድ ላይ የት የት እንደቆመና ለምን እንደቆመ ጠይቀሽ መዝግቢ። ሻይ ጋብዢው፤ ይነግርሻል።